ጥቁሩን ዘይት ያነጠረው ሐኪም

 

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ በውስጥ መስመር አንድ ምስል ላከልኝ። ጥምጣም የጠመጠመ ሽማግሌ አለበት። ከላይ በትልልቅ ፊደል የነዳጅ ማጣራትን የፈለሰፈው ሙስሊም ሳይንቲስት መሆኑን ይናገራል፤ ከታች ረጅም የግኝት ዝርዝር ተደርድሯል። የልጁ ጥያቄ አጭር ናት፦ ኡስታዝ፣ እውነት ነው? ሼር ላድርገው?

ሰውየው አቡ በክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ ነው። መልሱን በሁለት መስመር ልጽፍለት ጀመርኩና አልሆነልኝም። ምስሉ ላይ ካለው ውስጥ እውነት አለ፣ የተጋነነ አለ፣ ጨርሶ የሌላ ሰው ሥራ የሆነም አለ። ሦስቱ አንድ ማሰሮ ውስጥ ተደባልቀው ቀርበዋል። ዕድሜውን ሙሉ የተደባለቀ ነገር ሲለይ የኖረን ሰው በተደባለቀ ወሬ ማስታወስ ደግሞ ከበደኝ። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ። ሻይ ቅዱና ተቀመጡ።

አር-ራዚ ማለት የረይ ሰው ማለት ነው። ረይ ዛሬ የኢራን ዋና ከተማ የቴህራን ደቡባዊ ክፍል የሆነች ጥንታዊ ከተማ ናት። (በነገራችን ላይ ሌላ ራዚ እንዳይደባለቅባችሁ። የታላቁ ተፍሲር ባለቤት ፈኽሩዲን አር-ራዚም የረይ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን የመጡት ከ200 ዓመት በላይ ዘግይተው ነው።) የእኛ ሰው የተወለደው በሻዕባን ወር መጀመሪያ ቀን በ251 ሂጅሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ865 ነው። ይህን ቀን ያቆየልን አል-ቢሩኒ ነው። ከራዚ ሞት ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆይቶ የተወለደ፣ ስለ ሰውየው ግን በጥንቃቄ የጻፈ ዓሊም ነው። በዛሬው ጽሑፍ ደጋግሜ እጠራዋለሁ።

ስለ ልጅነቱ የሚወራው ብዙ ነው። ዑድ ይጫወት ነበር የሚሉ አሉ፣ ገንዘብ መንዛሪ ነበር የሚሉም አሉ። ይህንን እለፉት። ቁም ነገሩ ወደ ሕክምና የገባው ዘግይቶ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በፊት የኪሚያ ሰው ነበር። ኪሚያ ስንል ከዛሬው ኬሚስትሪ ጋር አንድ አታድርጉት፤ ተራ ብረት ወደ ወርቅ ይለወጣል የሚል ተስፋ አብሮት ነበር፣ ራዚም በዚህ ያምን ነበር። ምስሉ ላይ ይህ አልተጻፈም። መጻፍ ነበረበት፤ ምክንያቱም የእጅ ሥራውን ያስተማረው ያ ያልተሳካ ምኞት ነው። ዓመታት ሙሉ እሳት አጠገብ ተቀምጦ ሲያፈላ፣ ሲያተን፣ ሲያቀልጥ ኖረ። አል-ቢሩኒ እንደሚለው ዓይኑን መጀመሪያ የጎዳው ይኸው የእሳቱ ሙቀትና የሚያቃጥለው ጭስ ነው። ዓይኑን ሊያሳክም ሄደ፣ በዚያው ሕክምናን መማር ጀመረ። እናንተ በሁለተኛ ዓመት ዲፓርትመንት ስለቀየራችሁ ዕድሜያችሁ የባከነ የሚመስላችሁ ልጆች፣ ይህችን ቦታ ሁለቴ አንብቧት።

አሁን ወደ ነዳጁ እንምጣ።

ራዚ ከጻፋቸው የኪሚያ መጻሕፍት አንዱ ኪታብ አል-አስራር ይባላል፤ የምስጢሮች መጽሐፍ ማለት ነው። ስሙ ያታልላል። የዘመኑ ኪሚያ ጸሐፊዎች በእንቆቅልሽና በምሳሌ ሲሸፋፍኑ፣ ይህ መጽሐፍ እንደ ላብራቶሪ መመሪያ ነው የሚነበበው። በሦስት ነገር ይከፈላል፦ ዕቃዎቹ ምንድን ናቸው፣ መሣሪያዎቹ ምንድን ናቸው፣ ሥራው እንዴት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1937 ዩሊዩስ ሩስካ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞታል።

ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ሦስቱን እወቁልኝ። አንደኛው ቀርዕ ነው፤ ቅል ማለት ነው። እውነትም ቅል ይመስላል፤ ሆዱ ሰፊ ሆኖ እሳት ላይ ይጣዳል። ሁለተኛው አንቢቅ ነው፤ ቅሉ አፍ ላይ የሚደፋ፣ ወደ ታች ያዘነበለ ረጅም አፍንጫ ያለው ክዳን። ሦስተኛው ቃቢላ ነው፤ ከአፍንጫው ጫፍ ሆኖ የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ዕቃ። ዐረብኛ የምትማሩ ታውቁታላችሁ፣ ቃቢላ አዋላጅም ማለት ነው። ስታስቡት ሥራቸው ይመሳሰላል። ሥራው ራሱ ተቅጢር ይባላል፤ ቀጥራ ጠብታ ነውና ማንጠብጠብ እንበለው። አረቄ የሚለው ቃላችንም ከዐረብኛው ዐረቅ የመጣ ነው፤ ላብ ማለት ነው። መጠጡ ለኛ ሐራም ነው፤ የቃሉን ምሳሌነት ግን ማንም አይከለክለንም። ዕቃው ሲፈላ ያልበዋል፣ ላቡ ይሰበሰባል።

ማንጠብጠብን የፈለሰፈው ራዚ ነው የሚለውን የምስሉን መስመር ሰርዙት። ከእሱ 500 ዓመት በፊት እንኳ ግብፅ ውስጥ ዞሲሞስ የሚባል ሰው ስለ እነዚህ ዕቃዎች ጽፏል። ራዚ ከነበረው ተምሮ ነው የሠራው። ነውር የለበትም።

የእሱ ድርሻ ግን ይኸውና። በዚያ አገር ከመሬት ራሱ የሚፈልቅ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚሸት ዘይት አለ። ነፍጥ ይሉታል። አዎ፣ ይህ ቃል እኛም ጋ አለ። መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ዘይት ስም ነበር፣ በኋላ ወደ ባሩድ ዞረ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ጠመንጃ ሆነ። ራዚ ጥቁሩን ነፍጥ ከነጭ ሸክላ አፈር ወይም ከአሞኒያ ጨው ጋር አድርጎ እንደ ወፍራም ሾርባ እስኪሆን ያሸዋል። ከዚያ ቀርዕ ውስጥ ከትቶ፣ አንቢቁን ደፍቶ፣ ያንጠበጥባል። የወጣውን እንደገና። ጥራቱ የሚፈልገው እስኪደርስ ድረስ እንደገና። መጨረሻ ላይ ቃቢላው ውስጥ የሚቀረው እንደ ውሃ የጠራ ነጭ ነፍጥ ነው። ዛሬ ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። አንዳንድ ጠጣር ማዕድናትን ለማለስለስ ይጠቀምበት ነበር።

እዚህም ላይ ሚዛን እንጠብቅ። ነጭ ነፍጥ በተፈጥሮም ይገኝ ነበር፤ ከራዚ 30 ዓመት ገደማ በኋላ የሞተው ተጓዥ አል-መስዑዲ ባኩ አካባቢ ነጭ ነፍጥ እንደሚወጣ ጽፏል። የራዚ ድርሻ ጥቁሩን ወደ ነጭ የሚያደርሰውን መንገድ ደረጃ በደረጃ መጻፉ ነው፤ ሌላው ሰው አንብቦ እንዲሠራው አድርጎ።

ሸክላው ለምን አስፈለገ? ዛሬ እንደምናውቀው ወፍራሙና ቀለም ያለው ዝቃጭ የሸክላው ቅንጣቶች ላይ ይጣበቃል፤ ቀለሉ ክፍል ተኖ ይወጣል። ይህ ብዙ አያስቸግርም። እኔን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያስቸገረኝ ሌላኛው ነገር ነው። ለምን እንደገና? ቀላሉና ከባዱ በተለያየ ሙቀት የሚፈሉ ከሆነ አንድ ጊዜ ማፍላት ለምን አልበቃም?

እስኪ አብረን እንየው። ጨው ያለበት ውሃ አፍሉና ክዳኑን አንሱ፤ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ንጹህ ውሃ ነው። ጨው ስለማይተን መለየቱ በአንድ ዙር ያልቃል። ነፍጥ ግን እንዲህ አይደለም፤ ውስጡ ያሉት ሁሉም በየአቅማቸው የሚተኑ ሃይድሮካርቦኖች ናቸው፤ ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ የተሳሰሩባቸው ሞሌኪውሎች። ከነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች እንውሰድ። ሄክሴን 6 ካርቦን የተቀጣጠለበት ሰንሰለት ነው፣ ሄፕቴን 7። ሄክሴን ለብቻው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፣ ሄፕቴን በ98።

ሁለቱን በሞሌኪውል ቁጥር እኩል ለእኩል ደባልቁ። (በሐሳብ ነው ያልኩት! ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ ሁለቱም በብልጭታ የሚቀጣጠሉ ናቸው።) ብዙ ሰው የሚመስለው እንዲህ ነው፦ 69 ላይ ስንደርስ ሄክሴኑ ብቻ ፈልቶ ይወጣል፣ ሄፕቴኑ ተራውን ይጠብቃል። እኔም ለዓመታት እንዲህ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ድብልቁ የሚፈላው በራሱ ሙቀት ነው፣ በ80 ተኩል ዲግሪ ገደማ። ይህ በባሕር ወለል ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ዝቅ ይላል፣ ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ92 ገደማ አይደል? ከሚወጣው ትነት ውስጥም ሁለቱም አሉበት። ከ100 ሞሌኪውል 71ዱ ሄክሴን ነው፣ 29ኙ ሄፕቴን።

ይህ 71 ከየት መጣ? ይህን ያብራራው ከራዚ 950 ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ፈረንሳዊ ነው፦ ፍራንስዋ-ማሪ ራኡል፣ የግረኖብል ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ 1830 ተወልዶ 1901 የሞተ። በ1880ዎቹ በትዕግሥት እየለካ ያገኘው ሕግ ለማስረዳት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፈሳሽ ለብቻው ሲሆን በአንድ ሙቀት ላይ የራሱ የትነት ግፊት አለው። ሲደባለቅ ደግሞ የሚያዋጣው በድርሻው ልክ ነው። በ80 ተኩል ዲግሪ የሄክሴን የብቻ ግፊት 1.43 አትሞስፌር ነው፣ የሄፕቴን 0.57። ሁለቱም ድብልቁ ውስጥ ግማሽ ግማሽ ስለሆኑ ግማሽ ግማሹን ያዋጣሉ። ደምሩት፤ በትክክል አንድ አትሞስፌር ይሆናል፣ ስለዚህ ይፈላል። ከዚያ አንድ ውስጥ ሄክሴን ያዋጣው ምን ያህል ነው? 0.71 ገደማ። ትነቱ ውስጥ ያየነው 71 ይኸው ነው።

ይህን ሕግ በደንብ የሚታዘዝ ድብልቅ አይዲያል ይባላል። ሄክሴንና ሄፕቴን ለዚህ በጣም ይቀርባሉ፤ ምክንያቱም ይመሳሰላሉ። አንድ የሄክሴን ሞሌኪውል ዙሪያውን ያሉት ሄክሴኖች ይሁኑ ሄፕቴኖች ለእሱ ለውጥ የለውም፤ የሚይዙት በተመሳሳይ ጉልበት ነው። ጎረቤቱ ስለተቀየረ አይገፋም፣ አይታሰርም። ከመካከላቸው የሚወጣበት ዕድል የሚወሰነው በቁጥሩና በራሱ ክብደት ብቻ ይሆናል።

አሁን የራዚን እንደገና ተመልከቱት። 71 በመቶ የሆነውን ትነት አቀዝቅዛችሁ ጠብታውን ሰብስቡና መልሳችሁ አፍሉት። የመጀመሪያው ትነት 86 ገደማ ይሆናል። ያንን ሰብስባችሁ አፍሉት፣ 94። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ወደ 98። እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ያጠራል፤ አንድም ዙር ብቻውን አይጨርስም፤ ምክንያቱም ከባዱም ሁልጊዜ ድርሻውን ይዞ አብሮ ይተናል። በየዙሩም የምትሰበስቡት መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ዛሬ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የሚታዩት ረጃጅም ማማዎች ሥራቸው ይህ ነው፤ ይህን ማፍላትና ማቀዝቀዝ አንዱን በሌላው ላይ ደራርበው በአንድ ቁመት ውስጥ ደጋግመው ያካሂዱታል። ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከባዱ ወደ ታች ይወርዳል።

ራዚ ሞሌኪውልን አያውቅም፣ የትነት ግፊትን አልለካም። አንድ ዙር እንደማይበቃ የነገረው ቃቢላው ውስጥ ያለው ቀለም ነው። ያየውን አመነና ደገመ።

ደግሞ ሁሉም በመደጋገም ይለያል ብላችሁ እንዳትሄዱ። ሃይድሮካርቦኖች ራሳቸው ሁሉም እንደነ ሄክሴን ገር አይደሉም። ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል (የመኪናው ሳይሆን፣ ስድስት ካርቦን ቀለበት የሠራበት ንጹህ ንጥር) በ80 ዲግሪ ይፈላል፤ ሳይክሎሄክሴን የሚባለው ሌላ ባለ ቀለበት በ81 ገደማ። ሁለቱም ሃይድሮካርቦን ናቸው፤ ሲደባለቁ ግን እርስ በርስ ብዙም አይስማሙም፤ አብረው ሲሆኑ ከብቻቸው ይልቅ ለመውጣት ይቸኩላሉ። ስለዚህ እኩል ለእኩል የተጠጋው ድብልቃቸው ከሁለቱም በታች በ77 እና በ78 መካከል ይፈላል፤ ትነቱም ከፈሳሹ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። መቶ ጊዜ ብትደግሙት ያው ነው። አልኮልና ውሃም ወደ 96 በመቶ ሲደርሱ እንዲሁ ይቆማሉ። እዚያ ሌላ ዘዴ ካልተጨመረ እሳት ብቻውን አይለይም።

ወደ ሰውየው ልመለስ።

ራዚ ሐኪም ሆኖ የረይን ሆስፒታል መራ፣ በኋላም የባግዳድን። ኪታብ አል-ፊህሪስትን የጻፈው ኢብኑ አን-ነዲም አንድ የረይ ሽማግሌ የነገሩትን አስፍሯል። ራዚ ሲያስተምር ተማሪዎቹ በተርታ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ከዳር ያሉት ያዩታል፤ ካልቻሉ ወደ ውስጠኛው ክብ ያልፋል፤ እነሱም ካልቻሉ እሱ ይናገራል። የመድረሳ ልጆች ይህ አቀማመጥ የሚያውቁት ነው። ለድሃ ይራራ ነበር፣ በሽተኞችን ከኪሱ ይደጉም ነበር ይባላል። ሁልጊዜ ሲጽፍ ነው የሚገኘው። ዓይኑ ደግሞ ያነባ ነበር፤ ሽማግሌው ምክንያቱን ባቄላ ማብዛቱ ነው ይላሉ። (ባቄላ በዐረብኛውም ባቂላ ነው። ባቄላ ወዳጆች አትደንግጡ፣ የሽማግሌው አስተያየት ነው።)

ሕክምናው ውስጥም ያው የላብራቶሪው ሰው ነው። ሲርሳም ይሉት የነበረ የጭንቅላት ትኩሳት ነበር። በሽታው ሲመጣ ምልክቱ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደም ማውጣት ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። ግማሾቹን ደም አወጣላቸው፤ ሌሎቹን ግን ሆን ብሎ ሳያወጣ ተዋቸውና የሁለቱን መጨረሻ አስተያየ። የደረሰበት ድምዳሜ በዛሬ ዓይን ትክክል አይደለም፤ ጥያቄውን የጠየቀበት መንገድ ግን ዛሬ መድኃኒት ከሚፈተንበት ብዙ አይርቅም። ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ደግሞ ለብዙ ዘመናት ተነቧል። ሁለቱ በሽታዎች ትኩሳታቸውም ሽፍታቸውም የሚመሳሰል ነበር፤ እሱ የጀርባውን ሕመም፣ የጭንቀቱን መጠን እያነጻጸረ አንዱን ከአንዱ ለየ። በሕክምና የዓለም ሁሉ መምህር ተደርጎ የሚታየውን የግሪኩን ጋሌን ያከብረው ነበር፤ ግን በሆስፒታል ያየው ከጋሌን ጋር ሲጋጭ በጋሌን ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎች መጽሐፍ አድርጎ ጻፈ። ለዚህ ብዙ ተወቅሷል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለወጣቶች በሰጠሁት አንድ ትምህርት ላይ የታወቀውን የሥጋ ታሪክ ተናግሬያለሁ። ራዚ ለባግዳዱ የዐዱዲ ሆስፒታል ቦታ ሲመርጥ በከተማው የተለያዩ ስፍራዎች ሥጋ አሰቅሎ፣ ሥጋው ዘግይቶ የበሰበሰበትን ቦታ መረጠ የሚለውን። ሰዉ ተደሰተ፣ ተክቢራም ነበር። በኋላ ሳነብ የዐዱዲ ሆስፒታል የተሠራው ራዚ ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑን አየሁ። ታሪኩን ያስተላለፈልን ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዐ ራሱ ራዚ ከዚያ ሆስፒታል ዘመን በፊት የነበረ ሰው መሆኑን እዚያው ጽፏል። እኔ ታሪኩን ወስጄ ማስጠንቀቂያውን ትቻለሁ። ያኔ የሰማችሁኝ ካላችሁ አፉ በሉኝ። ምስሉን የላከልኝ ልጅ ከእኔ ይሻላል፤ ሼር ከማድረጉ በፊት ጠይቋል።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል፤ ከኮሜንት በፊት እኔው ላንሳው። ራዚ በዐቂዳ ጉዳይ መሪያችን አይደለም። በነቢይነት ላይ ከባድ ስህተት ያለባቸው ንግግሮች ወደ እሱ ይጠጋሉ። አብዛኛው የደረሰን ከእሱ ብዕር አይደለም፤ የአገሩ ሰውና ተቃዋሚው በሆነው የኢስማዒሊያው ሰባኪ አቡ ሓቲም አር-ራዚ መጽሐፍ በኩል ነው። ምን ያህሉ በትክክል የእሱ እንደሆነ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አል-ቢሩኒም የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሲያዘጋጅ በሃይማኖት ጉዳይ ከእሱ ጋር እንዳልሆነ ግልጽ አድርጓል፤ ግን ሰውየውን ከታሪክ አልሰረዘውም፣ ሥራውን ቆጥሮ አስቀመጠ። ምስሉን የሠሩት ወንድሞች ይህን የራዚን ገጽ ቢያውቁ ምናልባት ምስሉን አይሠሩትም ነበር። እኔ ግን የአል-ቢሩኒን መንገድ እመርጣለሁ። ስህተት የሆነውን ስህተት እላለሁ፣ የነፍጡን ሥራ የነፍጥ ሥራ እላለሁ፣ ልቡ ውስጥ የነበረውን ለአላህ እተዋለሁ።

በመጨረሻ ዘመኑ ስለ ራሱ አኗኗር አንዲት አጭር ጽሑፍ ጽፏል፤ ፈላስፋ እንደ ፈላስፋ አይኖርም ብለው ለወቀሱት መልስ ነው። እዚያ ላይ እንደሚተርከው በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ በደቂቅ ፊደል ከ20 ሺህ ገጽ በላይ ጽፏል። በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ላይ 15 ዓመት ሌት ተቀን ሠርቶ ዓይኑ ደከመ፣ የእጁ ጡንቻም ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የሚያነብለትና የሚጽፍለት ሰው ይጠቀም ነበር። አል-ቢሩኒ እንደሚለው ደግሞ ማታ ሲያነብ መብራቱን ከፊቱ ግድግዳ ላይ አድርጎ መጽሐፉን ግድግዳው ላይ ያስደግፈው ነበር፤ እንቅልፍ ሲጥለው መጽሐፉ ወድቆ እንዲያነቃው። የፈተና ሰሞን ልጆች ሐሳቡን እንዳትወስዱት፤ ዓይኑን ምን እንዳደረገው እያያችሁ ነው።

ማስታወሻዎቹ ከሞተ በኋላ በተማሪዎቹ ተሰብስበው አል-ሓዊ የተባለው ግዙፍ የሕክምና መጽሐፍ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1279 ሲሲሊ ውስጥ ፈረጅ ኢብኑ ሳሊም የተባለ አይሁዳዊ ሐኪም ወደ ላቲን ተረጎመው፤ በ1486 ጣሊያን ብሬሻ ከተማ በማተሚያ ታተመ።

ራዚ በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ታወረ። ገዢው በራሱ መጽሐፍ ጭንቅላቱን መትቶት ነው የሚለውን ወሬ ከሥጋው ታሪክ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት። አንድ የድሮ ተማሪው ዓይኑን ሊያክም ከጠበሪስታን ድረስ መጣ። ራዚ ሕክምናው እንዴት እንደሚሆን ጠየቀው፣ ተማሪው አስረዳው። አዳመጠውና በችሎታው አመሰገነው፤ ከዚያ ግን ይቅር አለው። ጊዜው እንደደረሰ፣ ለቀረችው ጥቂት ዕድሜ ሕመም መጨመር እንደማይፈልግ ነገረው። ብዙም ሳይቆይ ረይ ውስጥ ሞተ፤ በሻዕባን 5 ቀን 313 ሂጅሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ925። ዕድሜው በሂጅራ አቆጣጠር 62 ነበር። አል-ቢሩኒ የመጻሕፍቱን ስም አንድ በአንድ ሲቆጥር 184 አገኘ፤ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። የነፍጡን አሠራር የያዘው ከቀሩት ውስጥ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።